የጎረቤቴ የእንፋሎት ጀልባ፦ ሞተሩ ደርቋል፣ ቦይለሩ ወረቀት የለውም

የማሽን_ልጅ (በርሚንግሃም)፣ ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

አጠገቤ የሚኖሩ አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ የሠሩ ሰው ናቸው። ካረፉ ዓመት አልፏቸዋል። ባለፈው ሳምንት ባለቤታቸው ጠሩኝና ከጋራዡ መደርደሪያ ላይ አንድ ረጅም ሣጥን አስወረዱኝ። ከፈትነው። አንድ ሜትር የምትሞላ የእንጨት ጀልባ ናት፤ በእንፋሎት የምትሄድ። ሰውየው በእጃቸው የሠሯት። «ሃያ ዓመት ውሃ አልነካችም። ስትሄድ አንድ ጊዜ ልያት» አሉኝ ሴትዮዋ። ቃል ገባሁላቸው።

ሞተሯ ስቱዋርት 10ቪ የሚባል ትንሽ የሞዴል ሞተር ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር። የሲሊንደሩ የውስጥ ስፋትም የፒስተኑ ጉዞም 19 ሚሊ ሜትር ነው። ፍላይዊሉን (ከባዱን መዞሪያ ጎማ) ባዞረው ባዞረው ንቅንቅ አይልም።

ቦይለሩ (ውሃው ፈልቶ እንፋሎት የሚሆንበት ጋን) ከመዳብ ቱቦ የተሠራ ነው። ወርዱ 76፣ ርዝመቱ 180 ሚሊ ሜትር። በመሃሉ እሳቱ የሚያልፍበት ሌላ ቱቦ አለው። ከላይ ቀጫጭን እንጨት ለብሶ በናስ ቀበቶ ታስሯል። ግፊት ሲበዛ የሚከፈት ሴፍቲ ቫልቭ፣ ግፊት የሚለካ ጌጅና የውሃውን ልክ የሚያሳይ መስታወት አለው። ስንት ባር ግፊት እንደሚችል የሚናገር ወረቀት ግን የለም።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። ሞተሩን ዘይት እነክረዋለሁ። ቦይለሩን ደግሞ በኮምፕረሰር 7 ባር አየር ሞልቼ የሳሙና ውሃ እቀባዋለሁ፤ ጎሚስታ የተበሳ ጎማ እንደሚፈትሸው። ካላፈሰ እሳት እለኩሳለሁ። ምን ትላላችሁ?

ጋሽ_ቶርኖ፣ ሰኞ ሌሊት

ልጄ፣ መጀመሪያ ኮምፕረሰሩን ከሶኬቱ ንቀለው። ከዚያ እናወራለን።

አየር ይታመቃል። የታመቀ አየር የተወጠረ ላስቲክ ማለት ነው። ቦይለሩ አንድ ቦታ ላይ ቢተረተር ያ ሁሉ ጉልበት በቅጽበት ይለቀቃል፤ የመዳቡንም ቁራጭ ይዞት ይበራል። ውሃ እንዲህ አይደለም። ውሃ አይታመቅም ማለት ይቻላል። ቦይለሩን እስከ አፉ በቀዝቃዛ ውሃ ሞልተህ በእጅ ፓምፕ ስትገፋው፣ ቢሰነጠቅ ጥቂት ውሃ ፈሶ የጌጁ መርፌ ዜሮ ይገባል። በቃ። እጅህም ፊትህም ደህና ነው። ግን ውስጡ የአየር አረፋ እንዳይቀር። እያጋደልክ፣ እያንኳኳህ አስወጣ።

ስንት ባር ላልከው፦ እዚያ እንግሊዝ ያሉ የሞዴል ክለቦች አዲስ ቦይለርን በሥራ ግፊቱ ሁለት እጥፍ በቀዝቃዛ ውሃ ይፈትኑታል። ከዚያ በኋላ በየጊዜው የሚደረገው አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ያንተ ወረቀት ስለሌለው እንደ አዲስ ቁጠረው። ለ10ቪ 3.5 ባር ከበቂ በላይ ነው። ስለዚህ ፈተናው 7 ባር።

የመዳቡን ውፍረት ለካኸው? 1.6 ሚሊ ሜትር ከሆነ ስሌቱ ቀላል ነው። ለመዳብ ስምንት እጥፍ መጠባበቂያ ይዘህ፣ የሚፈቀደውን ውጥረት 26 ኒውተን በካሬ ሚሊ ሜትር አድርገህ ውሰድ። ሁለት ጊዜ 1.6 ጊዜ 26፣ ለ76 ሲካፈል 1.09 ይመጣል። አንድ ኒውተን በካሬ ሚሊ ሜትር 10 ባር ስለሆነ ይህ ወደ 11 ባር ገደማ ነው። ዙሪያው አያሳስበኝም ማለት ነው። የሚያሳስበኝ ጫፍና ጫፉን የዘጋው ጠፍጣፋ ግንባርና መገጣጠሚያው ነው። ቦይለር የሚሞተው በመገጣጠሚያው ነው።

ሄለን_ለንደን፣ ማክሰኞ ጠዋት

የማሽን ልጅ፣ እባክህ እንጨቱን ገና አልፈታኸውም በለኝ!

እንግሊዝ ውስጥ አስቤስቶስ (ሙቀት እንዳይወጣ የሚለበስ ክር መሳይ ማዕድን) ሙሉ በሙሉ የተከለከለው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በተሠራ የሞዴል ቦይለር ላይ፣ ከእንጨቱ ሥር ነጭ ወይም ግራጫ ጨርቅ መሳይ ነገር ካለ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። ደርቆ ሲቦጨቅ የሚወጣው ብናኝ ሳንባ ውስጥ ይቀራል። በዓይን አይታይም፤ ጉዳቱም የሚወጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ካየኸው አትፋቀው። አትቦርሸው። በቫኩምም አትንካው። በላስቲክ ጠቅልለህ አስቀምጠውና ለአካባቢህ ማዘጋጃ ቤት ደውል። እንዴት እንደሚሰበሰብ እነሱ ይነግሩሃል። እኔ የሆስፒታል ሠራተኛ ነኝ። በዚህ የሚመጣ በሽታ ያለባቸውን ሰዎች አስታምሜያለሁ።

የማሽን_ልጅ፣ ማክሰኞ ማታ

ጋሽ ቶርኖ፣ ኮምፕረሰሩ ተነቅሏል። እግዜር ይስጥልኝ። ሄለን፣ አንቺንም በጣም አመሰግናለሁ። ጫፉ ላይ አንዱን እንጨት ብቻ ቀስ ብዬ አላቅቄ ነበር። ሥሩ ግራጫ ነገር አለ። ወዲያው በላስቲክ ጠቀለልኩት። ነገ እደውላለሁ።

እስከዚያው ሞተሩ ላይ ነኝ።

ድሬ_ሰው፣ ረቡዕ

እኔ ድሬዳዋ ነው ያደግኩት። አያቴ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ሠርቷል። እሱ ስለ ቦይለር ሲያወራ የሚጀምረው ከእሳት አልነበረም። ከውሃው ነው የሚጀምረው። የድሬን ውሃ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሦስት ወር የሻይ ማንቆርቆሪያ ስታፈላበት ውስጡ ነጭ ድንጋይ ይለብሳል። ያ ድንጋይ ቦይለር ውስጥ ሲጋገር ሙቀት አያሳልፍም። እሳቱ መዳቡን ያሞቀዋል፤ ውሃው ግን አይደርሰውም። መዳቡ ያለ ልክ ይግላል።

ስለዚህ ከፈተናው በፊት ውስጡን እጠበው። ሲትሪክ አሲድ በሞቀ ውሃ በጥብጥና ሙላው፤ ጥቂት ሰዓት ተወው፤ ከዚያ ደጋግመህ አለቅልቀው። ጠጠሩ አንዳንዴ ቀዳዳ ደፍኖ ስለሚይዝ፣ ሳታጥብ ብትፈትነው የማያፈስ መስሎ ያታልልሃል። ከዚያ በኋላ የዝናብ ውሃ ወይም ለባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ ብቻ ተጠቀም።

የማሽን_ልጅ፣ ቅዳሜ

ሞተሩ ዞረ!

አራት ቀን ላምባና ቀጭን ዘይት ቀላቅዬ ነክሬው ነበር። ጠዋትና ማታ በፀጉር ማድረቂያ ሲሊንደሩን አሞቀዋለሁ፤ ከዚያ ፍላይዊሉን በእጄ እሞክራለሁ። በመዶሻ አልነካሁትም። ዛሬ ጠዋት የጥፍር ያህል ተንቀሳቀሰ። ወደኋላ መለስኩት። እንደገና ወደፊት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሙሉ ዙር ዞረ። ከላይኛው ቀዳዳ ጥቁር ቡና የመሰለ ዘይት ተፋ።

ፈታሁት። የሲሊንደሩ ግድግዳ ትንሽ ዝገት ነበረው፤ ጭረት ግን የለውም። ፒስተኑ ላይ የተጠመጠመው የድሮ ገመድ እንደ ጥርስ ሳሙና ደርቆ ተሰባበረ። በግራፋይት ገመድ ተክቼዋለሁ። እንፋሎቱን ለሲሊንደሩ የሚያከፋፍለውን ተንሸራታች ቫልቭና የሚቀመጥበትን ፊት በ1200 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ በመስታወት ላይ ዘርግቼ፣ በዘይት ስምንት ቁጥር እየሳልኩ አሸሁት። ሁለቱም ፊት እኩል ግራጫ እስኪሆን። ጓርኒሲዮኑን (በመገጣጠሚያው መሃል የሚገባውን ማሸጊያ) ከወፍራም ወረቀት ቆርጬ ዘይት ነከርኩት። ቡሎንና ዳዶው በሙሉ የራሱ ነው፤ አንድም አልጠፋም።

በ1 ባር አየር ስሞክረው ተነሳ። ግን ያነክሳል። «ትክ… ትክትክ… ትክ»። ምን ይሆን?

ጋሽ_ቶርኖ፣ ቅዳሜ ማታ

ጎበዝ! መዶሻ ያልነካ ሰው ሞተር ያድናል። ለሞተሩ 1 ባር አየር ችግር የለውም፤ ትልቅ ጋን ስለሌለው የሚያጠራቅመው ጉልበት የለም። ዘይት እየጨመርክለት ብቻ።

ማንከሱ ከቫልቩ ነው። ይህ ሞተር እንፋሎት ከላይም ከታችም ይቀበላል። ቫልቩ ወደ አንዱ ወገን ካደላ ላይኛው ብዙ ይበላል፣ ታችኛው ይራባል። የቫልቩን ሣጥን ክዳን አውልቅ። ፒስተኑን አናት ላይ አድርሰህ የላይኛው ቀዳዳ ስንት እንደተከፈተ ተመልከት። ከዚያ እግሩ ላይ አድርሰህ የታችኛውን እይ። እኩል ካልሆኑ ቫልቩን የያዘውን ዳዶ በግማሽ ዙር፣ በግማሽ ዙር እያዞርክ አስተካክል። ቫልቩን የሚገፋው ከመሃል ያፈነገጠው ቀለበት ደግሞ ከክራንኩ (ፒስተኑ ከሚያዞረው ክንድ) 90 ዲግሪ አልፎ ትንሽ መቅደም አለበት። ሁለቱ ሲገጥሙ ድምፁ ራሱ ይነግርሃል።

ናቲ_አዲስ፣ እሁድ

እኔ ከርቀት እየተከታተልኩ ነው፣ በጣም ደስ ይላል። አንድ ጥያቄ አለኝ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው። እዚህ ቢሠራ ይህ ቦይለር ደካማ ይሆናል ማለት ነው?

ጋሽ_ቶርኖ፣ እሁድ

ናቲ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ደካማ አይሆንም። 92 ክፍት ድስት ላይ ነው። ቦይለር ግን የተዘጋ ነው። ጌጁ የሚያሳይህ ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ጌጁ 3 ባር ሲል ውስጡ ያለው ውሃ 144 ዲግሪ ገደማ ነው። አዲስ ላይ በዚያው 3 ባር ከዚያ በሁለት ዲግሪ ገደማ ብቻ ያንሳል። ሞተሩ ልዩነቱን አያውቀውም። በርነሩ (የጋዙ ምድጃ) ግን ያውቀዋል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የጋዙን ቀዳዳ ወይም የአየር መግቢያውን ማስተካከል ይኖርብሃል። ነበልባሉ ቢጫ ከሆነ አየር አጥሮታል።

እግረ መንገዴን ስለ ሙቀቱ ልንገራችሁ። 450 ግራም ውሃ 144 ዲግሪ ላይ እያለ ቦይለሩ ቢፈነዳ፣ ከዚያ ውሃ ውስጥ መቶ እጅ ስምንቱ በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል። ይህ በግምት 60 ሊትር ነው። ከአንዲት የግማሽ ሊትር ዕቃ! ቀዝቃዛ ውሃ ቀዝቃዛ ውሃ የምለው ለዚህ ነው።

የማሽን_ልጅ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ

ሰዎች፣ መጥፎ ዜና።

ግራጫው ነገር ተወስዷል። ቦይለሩ ራቁቱን ቀረ። በሲትሪክ አሲድ አጠብኩት። ጋሽ ቶርኖ እንዳሉት ከአንድ ክለብ የእጅ ፓምፕና የተፈተነ ጌጅ ተዋስኩ። ሞላሁት፣ አየሩን አስወጣሁ፣ ገፋሁ። 2 ባር፣ 3 ባር፣ 4 ባር ምንም የለም። 5 ላይ መርፌው ቀስ ብሎ መውረድ ጀመረ። በባትሪ ዙሪያውን ፈለግሁ። የውሃ መስታወቱ የታችኛው መግጠሚያ ሥር አንዲት ጠብታ እንደ ላብ ቸፈፍ ብላ ቆማለች። ጠረግኳት። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ተመልሳ መጣች።

ቦታውን በምላጭ ስፍቀው ለስላሳ ግራጫ ብረት ወጣ። ለራዲዮ ጥገና የምንጠቀምበት ሊድ (የእርሳስና የቆርቆሮ ቅልቅል መበየጃ) ነው! ሰው ጠግኖታል። ሌላም አየሁ። የድሮው ጌጅ ከክለቡ ጋር ሲተያይ ይዋሻል፤ እሱ 3 ሲል እውነቱ 3.6 ነው።

በሊዱ ላይ በብር ብየዳ ብደርብበት ይይዛል?

ጋሽ_ቶርኖ፣ በዚያው ምሽት

መጥፎ አይደለም፤ ይህ ጥሩ ዜና ነው። ጠብታዋ በቀዝቃዛው ስለመጣች አመስግን።

አትደርብ። ሊድ የሚቀልጠው 183 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሥራ ሙቀትህ 144 እና ከዚያ በላይ ስለሆነ ብረቱ ገና ሳይቀልጥ ጉልበቱን ያጣል። የብር ብየዳ ደግሞ ከ600 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ሊዱ ባለበት ቦታ ስታሞቀው ሊዱ ከብሩ ጋር ተቀላቅሎ መገጣጠሚያውን ያበላሸዋል። እንክትክት የሚል ይሆናል። አንዴ የገባ ሊድ ተፍቆ አያልቅም። መድኃኒቱ መስታወቱ የሚገጠምበትን ባለጥርስ ቀለበት ከነዙሪያው በትራፓኖና በሞረድ አውጥቶ፣ ንጹሕ መዳብ ላይ ደርሶ፣ ሰፋ ያለ አዲስ ቀለበት መግጠም ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። የወጣው ቀለበት ቀለሙ ምን ይመስላል?

የማሽን_ልጅ፣ ከሦስት ቀን በኋላ

አወጣሁት። ከውጭ ቢጫ ነው። ከውስጥ ግን ሮዝ። በፒንሳ ስጨብጠው እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ።

ጋሽ_ቶርኖ

ያልጠበቅኩት አይደለም። ናስ መዳብና ዚንክ ነው። ቦይለር ውስጥ፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ብዙ ዘመን ሲቀመጥ ዚንኩ ተሟጦ ይወጣል። የሚቀረው ሮዝ፣ ስፖንጅ የመሰለ መዳብ ነው። መልኩ አለ፣ ጉልበቱ የለም። ቦይለር ላይ በብር ብየዳ የሚገባ ቀለበት ሁሉ ከነሐስ (የመዳብና የቆርቆሮ ቅልቅል) መሆን ያለበት ለዚህ ነው። የቀሩትንም አንድ በአንድ በሞረድ ጫፍ ጫር አድርጋቸው። ከሥሩ ሮዝ የወጣውን ሁሉ ቀይር።

የማሽን_ልጅ፣ ከሳምንት በኋላ

ከአራቱ ሁለቱ ሮዝ ነበሩ። ሁለቱ ደህና ናቸው።

አሁን የምነግራችሁን ስጽፍ ደስታዬ ሌላ ነው። ነሐስ የት እንደማገኝ ለሴትዮዋ ሳማክራቸው ጋራዡን ከፈቱልኝ። የባለቤታቸው ቶርኖ በዘይት ጨርቅ ተሸፍኖ ቆሟል። ሥሩ ብዙ ትንንሽ መሳቢያ አለ። በእያንዳንዱ ላይ በእርሳስ ተጽፏል። አንዱ ላይ «ነሐስ፣ ለቦይለር ብቻ» ይላል። ውስጡ የእጅ ጣት የሚያክሉ አምስት ዘንጎች። እኔ ቶርኖ የተማርኩት አዲስ አበባ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ነው፤ ከነካሁ ዘመን የለውም። ግን በዚያ ሰው ማሽን፣ በዚያ ሰው ነሐስ፣ ለዚያ ሰው ቦይለር ቀለበት ስሠራ እጄ ራሱ አስታወሰ። ሴትዮዋ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። ፍቅፋቂው ሲወድቅ ያዩ ነበር።

ብየዳውን ግቢ ውስጥ ሠራሁ። የድሮው ብየዳ ካድሚየም ሊኖረው ስለሚችል ጭሱ መርዝ ነው፤ ቤት ውስጥ አይሞከርም። መዳብ ሙቀትን ስለሚበትን አንድ ቦታ ብቻ ማሞቅ አይሠራም። ጓደኛዬ በአንድ ፕሮፔን እሳት ሙሉውን ያሞቃል፣ እኔ በሌላው ቀለበቱን። 55 በመቶ ብር ያለበት ዘንግ ነው። ቀይነቱ ደብዘዝ ብሎ ሲመጣ ዘንጉን ነካ አደረግኩት። ብሩ ቀለበቱን በአንድ ትንፋሽ ዞረው።

ሁለተኛው ፈተና ትናንት ነበር። 7 ባር። መርፌው ወደ 6.8 ወረደ። ልቤ ወረደ። ዙሪያውን ብፈልግ ጠብታ የለም። የፓምፑ ቫልቭ ነበር! በመሃል መዝጊያ አስገብቼ እንደገና ሞከርኩ። 20 ደቂቃ፣ መርፌው አልተነቃነቀም። ጠፍጣፋውን ግንባር በቀጥ ማስመሪያ ለካሁት። አላበጠም።

ባሮ_ዳር፣ በዚያው ቀን

ያንተን እያነበብኩ ጋምቤላ ትዝ አለኝ። በ1902 እ.ኤ.አ. ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ከተፈራረሙ በኋላ በባሮ ላይ የንግድ ጣቢያ ተከፈተ። ክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የእንፋሎት መርከብ ይመጣ ነበር። ቡናችንን ጭኖ ይመለሳል። ውሃው ሲጎድል መንገዱ ይዘጋል። አያቴ ልጅ ሆኖ የመርከቡን ጩኸት ሰምቶ ወደ ወንዙ ይሮጥ እንደነበር ይነግረን ነበር። ጀልባህ ፉጨት አላት?

የማሽን_ልጅ፣ እሁድ ማታ

ባሮ ዳር፣ ፉጨት አላት። ስለሱ እመጣለሁ።

ትናንት የክለቡ ፈታኝ ባለበት እሳት ለኮስን። የተጣራ ውሃ 450 ሚሊ ሊትር። የሴፍቲ ቫልቩን ሞላና ኳስ ቀይሬያለሁ፤ 3.5 ላይ እንዲከፍት ተስተካክሏል። የዘይት መስጫው በ460 ቁጥር የእንፋሎት ዘይት ተሞልቷል። እንፋሎቱ እዚያ ገብቶ ውሃ ይሆናል፤ ውሃው ከሥር ይወርዳል፤ ዘይቱ ተገፍቶ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ፓምፕ የለውም፣ ማርሽ የለውም። ይህን ያሰበ ሰው ምን ዓይነት ጭንቅላት ነበረው!

በዘጠነኛው ደቂቃ ጌጁ 1 ባር አለ። ከዚያ ፈጠነ። 3.5 ላይ ቫልቩ ከፈተ። ፈታኙ የሞተሩን መዝጊያ ዘግቶ እሳቱን እስከ ጫፍ አስጨመረኝ። ቫልቩ ያለውን እንፋሎት ሁሉ ማስወጣት አለበት፤ ግፊቱ ከመቶ አሥር እጅ በላይ መጨመር የለበትም። 3.7 ላይ ቆመ። ፈታኙ አንገቱን ነቀነቀና ወረቀቱ ላይ ፈረመ።

ዛሬ ኩሬው ዳር ነበርን። ሴትዮዋ ካፖርታቸውን ለብሰው ጠዋት ሦስት ሰዓት በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። መጀመሪያ ሲሊንደሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ውሃ ተፋ፤ ፍላይዊሉን በጣቴ እያዞርኩ አስወጣሁት። ከዚያ ያዘ። አያነክስም። «ትክ ትክ ትክ ትክ»፣ እኩል። ውሃው ላይ አስቀመጥኳት። ቀስ ብላ ሄደች፤ ከኋላዋ ነጭ እንፋሎት እየጎተተች። ለፉጨቱ ገመዱን እንዲስቡ ጀልባዋ ስትመለስ ለሴትዮዋ ሰጠኋቸው። ሳቡት። ድምፁ ቀጭን ነው፣ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ዳክዬዎቹ ተነሱ። ሴትዮዋ ሁለተኛ ሳቡት።

20 ደቂቃ ሄደች። የውሃ መስታወቱ ሩብ ላይ ሲደርስ ጋዙን ዘጋሁ። እሳት በባዶ ቦይለር ላይ አይነድም።

ጋሽ_ቶርኖ፣ እሁድ ሌሊት

እጅህ ይባረክ። ከሞተሩ የእንፋሎት ማውጫ የሚወጣውን ዘይት የት አደረግከው? ኩሬው ውስጥ እንዳይገባ።

የማሽን_ልጅ

ከመዳብ ቱቦ ትንሽ ጋን ሠርቼለታለሁ፤ እንፋሎቱ ከላይ ይወጣል፣ ዘይትና ውሃው ከሥር ይቀራል። ዛሬ ሁለት ማንኪያ ያህል ወጣ። የጋኑ መክፈቻ ትንሽ ያንጠባጥባል፤ ቅዳሜ ጋራዡ ሄጄ አዲስ እቆርጣለሁ። ሴትዮዋ ሻይ አፈላለሁ ብለዋል።